በበጋ የሚጠፋ ምልክት

ትርንጎዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሞላን። በደብዳቤ ወግ ጤናሽን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠይቅም። የምነግርሽ ክፉ ነገር አለኝ።

ልጃችን ሞጣ እናትሽ ዘንድ ናት፤ እዚያው ትማራለች። እኔ ቢቸና፣ በዚያው ቤት ነኝ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ አምና በክረምት መግቢያ የጓሮውን ዋንዛ ለአዳራሽ ሥራ ሲቆርጡት አልተከራከርኩም። እንሶስላሽ ከዋንዛው ጥላ ሥር ነበር። የረገፈ ቅጠል አልብሰሽ፣ ዶሮ እንዳይጭረው በእሾህ አጥረሽ፣ ጠዋት ጠዋት የዕቃ እጣቢ እያጠጣሽ ያሳደግሽው። ሠርግ ያለባት ሴት ሁሉ እጅና እግሯን የምታቀላበትን ሥር ካንቺ ነበር የምትወስደው። እኔ የማውቀው ነጭ አበባውን ብቻ ነው። ጥላው ሲነሳ በሳምንት ውስጥ ጠወለገ።

መቃብርሽም እንዲሁ አስጨንቆኝ ነበር። የእንጨት መስቀሉን ምስጥ በላው። የከመርኩትን ድንጋይ ለዚያው አዳራሽ መሠረት ለቀሙት። ሲሚንቶ ለመቃብር አይሰጥም ተባልኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ጥላ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም። ምልክት የሌለው መቃብር ደግሞ ባዶ መሬት ነው፤ ሌላ ሰው ይቀበርበታል። ስለዚህ እንሶስላሽን አንድም ሳላስቀር ነቅዬ ወስጄ በላይሽ ተክዬ አለበስኩሽ። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ተሸክሜ ስሄድ አይተውኝ «መምህር፣ ሙሽራ ሊያደርጓት ነው?» አሉኝ። በመስከረም አፈሩ አይታይም ነበር፤ ቅጠልና አበባ ብቻ። ከበሩ ስገባ ገና ከሩቅ አውቅሽ ነበር።

በጥር ለመሠረተ ትምህርት ወደ ሞጣ ገጠር ተላክሁ። ለፋሲካ ስመለስ አበባው የለም፣ ቅጠሉም የለም። በቦታው አዲስ የአፈር ቁልል አለ። ከደብረ ወርቅ ገበያ ሲመለስ ድንገት የሞተ የእህል ነጋዴ ነው አሉኝ።

ቆፋሪውን አያ ደምሴን ፈልጌ አገኘሁት። «ባዶ መሬት ነበር፣ መምህር፤ ምን ምልክት ትተው ሄዱ?» አለኝ። እንሶስላ ተክዬ ነበር ስለው ሳቀ። «እንሶስላማ በበጋ ከአፈር ገብቶ ይተኛል። ሴት ያለችበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።»

ሴት ያለችበት ቤት። ከዚያ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም።

ስቆፍር አፈር እንጂ ሌላ አላገኘሁም ብሎ በታቦቱ ማለልኝ። እንግዲያው ከነጋዴው ጎን ነሽ። በየትኛው ጎን? እሱም አያውቅም። ከወይራው ተነስቼ ለመለካት ሞከርኩ፤ አንዴ ከቁልሉ ቀኝ፣ አንዴ ከግራ ያወጣኛል።

አንድ ተስፋ ቀረኝ፤ ዝናብ። ሲጥል ሥሩ ባለበት ያቆጠቁጣል፣ ያኔ አገኝሻለሁ አልኩ። ግንቦትን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየወጣሁ ባዶ መሬት ሳይ አመሸሁ። አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም። ሰኔ ላይ ቡቃያው ወጣ። በአንድ ቦታ ብቻ ግን አልወጣም። በነጋዴው ቁልል ላይ ወጣ፣ ከወይራው ግርጌ ወጣ፣ ከአጥሩ ዳር ወጣ። ቆፋሪው አፈሩን በበተነበት ሁሉ የሥሩን ቁራጭ አብሮ በትኖታል።

እናትሽ ለሁለተኛው ሙት ዓመትሽ መጡ። ስትቀበሪ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ፣ አምና ደግሞ እግራቸው ይዟቸው መቃብርሽን አላዩም። ቤት ሳይገቡ «ልጄን አሳየኝ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ እውነቱን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሄድኩ። ስንደርስ አፌ እምቢ አለኝ። ቅጠሉ የበዛበትን አሳየኋቸው። የነጋዴው ቁልል ነበር። በላዩ ተደፉ።

የነጋዴው ሚስት ከኋላችን ቆማ ኖሯል። የማታውቃቸው አሮጊት በባሏ መቃብር ላይ «ልጄ፣ ልጄ» ሲሉ ሰማች። ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው ተቀመጠችና አብራቸው አለቀሰች። በኋላ እናትሽ «ማን ናት ይቺ ደግ?» አሉኝ። ጎረቤት ናት አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሞጣ ተመለሱ። ልባቸው አርፏል። እኔ ግን የምቆምበት አጣሁ፤ አንዱን ቦታ መርጬ ስንበረከክ በሌላው ያለሽ ይመስለኛል። ተነስቼ ወደዚያ እሄዳለሁ። ከዚያም እመለሳለሁ።

አልረሳሽም፤ ለዚህ ምልክት አያስፈልገኝም። ከአጥሩ እስከ ወይራው ቡቃያ ያለበትን ሁሉ እኮተኩታለሁ፣ የረገፈ ቅጠል አለብሳለሁ። በጋ ሲመጣ እንዳይተኛ ከወንዝ ውሃ እሸከማለሁ፤ በማን ራስጌ ላይ እንደማፈሰው ሳላውቅ።