ለቆመ አሳንሰር የተሰጠ ሽልማት

ለተከበሩ የሕንፃዎች ኃይል ቁጠባ ማበረታቻ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ። ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለፈው ሕንፃችንን ሊሸልሙ ሲመጡ ከመኪናዎ እስከ መግቢያው በር ድረስ በገዛ እግርዎ መራመድዎን ሁላችንም አይተናልና፣ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ እንደምን እንደሆኑ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። እኛ ተከራዮቹ፣ ደረጃው ይመስገንና፣ ደኅና ነን።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደሚያውቁት እኔ የጎረቤት ወሬ እንጂ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አይሆንልኝም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ መጥቶ ደረጃችን ሥር ሲቀመጥ ግን ምን ላድርግ? ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃቸውን አድሰው የኃይል ፍጆታውን ለሚቀንሱ ባለቤቶች ድጎማና የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ይህን ስል ሽሙጥ የለበትም፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግን አለበት። ድጎማው የሚታሰበው ቆጣሪው ምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ ሲሆን፣ ምን ተሠርቶ እንደቀነሰ የሚጠይቅ ሰው ጽሕፈት ቤትዎ አልቀጠረም። የኛ ባለቤት ደግሞ ይህን ከሁላችንም ቀድመው ተረዱት። በየፎቁ እየዞሩ መብራት ስለሚያጠፉ «ጋሽ ማጥፊያ» ነው የምንላቸው። እንግዲህ ባለውለታችን ነዎትና ምስጋናዬን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ስለ መስኮቶቹ እናመሰግናለን። ባለሙያዎ ለቁጥጥር ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ ቃኙት፣ ማጅራታቸውን አሹና ሄዱ። ጋሽ ማጥፊያም ይህን ልብ ብለው ኖሮ፣ ባለ ድርብ መስተዋት አዳዲስ መስኮቶችን በመንገዱ በኩል ብቻ አስገጠሙ፤ በጓሮ በኩል ያለነው ዛሬም ስንጥቃችንን በካርቶን ደፍነን እንኖራለን። ሕንፃችን ፊቱን ተኳኩሎ ማጅራቱን ሳይታጠብ የወጣ ሙሽራ ሆኗል። ደግሞ አዲሶቹ መስኮቶች ሙቀት እንዳያባክኑ ተብሎ ጭራሽ አይከፈቱም። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊያችን ቀኑን ሙሉ ከካውያው እንፋሎት ጋር ተቆልፎበት ይውላል፤ ለደንበኞቹም «ጠበብ አድርጌ ነው የምሰፋልህ፣ ለልክ ሁለቴ ከተመላለስክ መቅለጥህ አይቀርም» ይላቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ደረጃው መብራት እናመሰግናለን። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ሲቆም የሚጠፋ አምፖል ተገጥሞልናል። ነገሩ ባልከፋ፤ ጋሽ ማጥፊያ ግን የሚበራበትን ጊዜ አሳጥረው አሳጥረው፣ አሁን የሚያበራው ሮጦ ለሚወጣ ጎረምሳ ብቻ ነው። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ያለ ሰው ጨለማ ይውጠዋል፤ እንዲበራለት ከፈለገ እጁን ማወዛወዝ አለበት። አፉ ከመቀሱ ይልቅ ስል የሆነው ፀጉር አስተካካያችን «እዚህ ሕንፃ ከገባሁ ወዲህ የማላየውን ሰው ደኅና ሁን እያልኩ ነው የምኖረው» ይላል።

ሦስተኛ፣ ጣሪያ ላይ ተተከለ ስለተባለው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ። ላም አለኝ በሰማይ። ባለቤቱ አለ ይላሉ፣ ባለሙያዎ አለ ብለው ጽፈዋል፤ ከቧንቧችን ግን እስከ ዛሬ ለብ ያለ ጠብታ አልወረደም። ወጥቶ ያየው ሰውም የለም፣ ምክንያቱም እስከ ጣሪያ የሚወስደው ነገር የሚከተለው ነው።

አራተኛ፣ አሳንሰሩ። ጋሽ ማጥፊያ ለጽሕፈት ቤትዎ ሲያመለክቱ አሮጌውን ሞተር ኃይል በሚቆጥብ አዲስ ሞተር ሊተኩ ቃል ገብተው ነበር። ኋላ ግን ከየትኛውም አዲስ ሞተር የበለጠ የሚቆጥብ ሞተር መኖሩን ደረሱበት፤ የቆመ ሞተር። አሳንሰሩን አጠፉት፤ ቆጣሪው ወረደ፤ ድጎማው መጣ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ልንገርዎ። አምስተኛ ፎቅ ላይ እማማ አዋላጅ የምንላቸው ጡረተኛ ነርስ ይኖራሉ። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩንም ጭምር፣ «እያወራ ነው የተወለደው» ይላሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ደግሞ በሞራ ተጋርደዋል። ድሮ ዳቦና መድኃኒት ሲፈልጉ ዘንቢል በገመድ አስረው በመስኮት ያወርዱ ነበር፤ መስኮቱ ታደሰ። ድሮ ሐኪም ቤት ሲሄዱ በአሳንሰር ይወርዱ ነበር፤ አሳንሰሩ ቆጠበ። የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸው ሲደርስ ለአንዲት ቀን ብቻ እንዲያበሩላቸው ጋሽ ማጥፊያን ብንለምናቸው፣ «ደረጃ ለልብ ጥሩ ነው» ብለው መለሱልን። ለአፍ ዳገት የለውም። እማማ ብቻቸውን ሞከሩት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቆሙ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ግድግዳ እየዳሰሱ ተመለሱ። ቀጠሮው አለፈ፤ ሌላ ለማግኘት ወራት ፈጀ።

ለጽሕፈት ቤትዎ አቤት ብንል «በሕንፃው ፍጆታ ላይ ቅሬታ የሚያስነሳ ጭማሪ አልተገኘም» የሚል መልስ ደረሰን። እውነት ነው። በመቃብር ቦታም አይገኝም።

መልሱ በደረሰን ሰሞን እርስዎ ራስዎ መጡ። «የምርጥ ቆጣቢ ሕንፃ» ሽልማት ሊሰጡ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ተጭኖ በመጣ ባለ መደገፊያ ቀይ ከፈይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስለ እያንዳንዷ የኃይል ጠብታ ክቡርነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። መኪናዎ ውስጡ እንዲቀዘቅዝ ሞተሩ እንደተነሳ ደጃፍ ላይ ሲያጓራ ነበርና ግማሹን አልሰማነውም፤ ጋሽ ማጥፊያ ሊያጠፉት ያልደፈሩት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር። እርስዎ እንደሄዱም ጋሽ ማጥፊያ የምስክር ወረቀቱን በወርቃማ ፍሬም አድርገው በአሳንሰሩ በር ላይ፣ ሁለቱን መዝጊያዎች አያይዘው በምስማር መቱት። አሁን አሳንሰሩ ቢሠራ እንኳ ሽልማቱ አይለቀውም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ጎረቤት ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ እማማን በአንድ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይንሸራተቱ በጨርቅ አስረው፣ ተሸክመው አወረዷቸው። እኔ መብራቱ እንዳይጠፋ እጄን እያወዛወዝኩ ከፊት እሄድ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ላቡን እያንጠፈጠፈ «እማማ፣ እርስዎ እኔን ወደዚህ ዓለም ሲያመጡኝም እንዲህ ተንገላተው ነበር?» ቢላቸው፣ «ያኔ በጭንቅላትህ ነው የመጣኸው፤ አሁን እግርህን እያየህ ውረድ» አሉት።

ቀኝ ዓይናቸው በራ። ፋሻው ከተፈታላቸው በኋላ ስንመለስ፣ ለመውጣት ጉልበት እንድናጠራቅም ወንበሩን መግቢያው ላይ አሳረፍነው። እማማም በበራላቸው ዓይን መጀመሪያ ያገኙትን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ፤ የአሳንሰሩን ሽልማት፣ ከላይ እስከ ፊርማዎ ድረስ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ፊርማቸው ያምራል። ግን እኚህን ሰውዬ እኔ የታከምኩበት ውሰዷቸው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ እየደረሰ ነው። የልብስ ሰፊው ወገብ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተቃናም፤ ፀጉር አስተካካዩም ብቻውን የሚችለው ማውራት ነው። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፤ ለተተካ ሞተር እንጂ ለቆመ ሞተር ድጎማ እንዳይከፈል፣ ባለሙያዎ ከመንገድ ማዶ መቆሙን ትተው ጣሪያው ድረስ እንዲወጡ፣ ምስማሩም እንዲነቀል። መቆጠብ ማለት በትንሽ ኃይል ብዙ መሥራት ይመስለኝ ነበር። ምንም ሳይሠሩ ምንም አለማውጣትማ ድሮም ያለ ማንም ድጎማ እንችልበት ነበር።

ለሕዝብ ብለው ከመኪና መውረድዎን ዕድሜ ልኬን እያሰብኩ፣ ወደፊትም የሚቀመጡበት ሁሉ ምድር ቤት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

አንድ እጄን በጨለማ እያወዛወዝኩ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፣ በጓሮ በኩል

ማስታወሻ፦ ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ቀይ ወንበርዎ እንደጠፋብዎና ሹፌርዎ እየተመላለሱ እንደሚፈልጉት ሰምተናል። አይጨነቁ፣ እማማን አንዴ ያወረደው እሱ ነው፣ አሁንም በደኅና ቦታ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ፣ እማማ አዋላጅ በር ላይ፣ የግራ ዓይናቸውን ቀጠሮ ይጠብቃል። ሹፌርዎ የት እንዳለ ነግረናቸው ሊያመጡት ተነስተው ሁለተኛው ፎቅ ላይ መብራቱ ሲጠፋባቸው ተመልሰዋል። እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ግን ማንም አይከለክልዎትም። ደረጃ ለልብ ጥሩ ነው።