ሰውየው ነው የተለወጠው ወይስ ሱፉ?

ወርቂቱዬ፣ የቤቴ ሹም፣ የፊልም ዳኛዬ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ነቀምቴ ደህና ናት፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ ነው፣ መብራቱም እንደ ልማዱ። የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቻታለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ለማንም እንዳትናገሪ። የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። እኔ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እያልኩ ነው። ሶፋው ላይ በግራ በኩል ያለው ቦታሽም እንዳለ ነው። ድመቷ ልትወርሰው ማመልከቻ አቅርባ ነበር፤ አልተፈቀደላትም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ድመት አይደለም። የአንድያ ልጃችንን የሲፈንን ትዳር ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱን ልናዘዝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የምናያቸውን አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች መቼም አትረሻቸውም። በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ሰውየው ውሸታም ነው፣ ኩሩ ነው፣ እናቱን አይጠይቅም። ከዚያ አንዲት ልጅ ጁስ ትደፋበታለች። ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ዝናብ ይዘንባል። መጨረሻ ላይ ሰውየው አዲስ ሱፍ ለብሶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሮጥና ተለወጠ ይባልልናል። ልጅቱ ደግሞ መነጽሯን ታወልቅና ቆንጆ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ በምን እንደምታይ የሚጠይቅላት የለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሱፍ የሰፋሁ ሰው ነኝ፣ አልታለልም። «ወርቂቱ፣ የተለወጠው ሱፉ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ ትከሻውን እንኳ አልሞላውም» እልሽ ነበር። አንቺም ዓይንሽን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅይ፣ «አባ ሲፈን፣ ዝም ብለህ እይ። ሰው ከውስጡ ሲያድግ አይደል የድሮ ልብሱ የሚጠበው?» ትይኝ ነበር።

እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብዬ እነሳለሁ። አንቺ ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንኳ አትነሺም ነበር። መብራት ያዡን፣ ሹፌሩን፣ ምግብ አብሳይዋን፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ስም ሁሉ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ታነቢያለሽ። የለፋን ሰው ስም ሳይሰሙ መነሳት ነውር ነው ባይ ነበርሽ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሲፈን እዚሁ ጎረቤታችን ዲጋ ከተማ የሚያስተምር አንድ ልጅ ወደደች፤ ገመቺስ ይባላል። እሁድ በጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን መጡ፣ ከልጁ ቤተ ክርስቲያን። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አባቴ ከጎጃም ይዞት በመጣው ወግ ዋጥኩት። ታውቂዋለሽ ወጉን፦ መጀመሪያ ሲመጡ እምቢ ይባላል፣ ሁለተኛ ሲመጡ ቀጠሮ ይሰጣል፣ በሦስተኛው ይመረቃል። ልጄ በአንዴ ተሸክመው የሚወስዷት ኩንታል አይደለችማ! ፊቴን አጨልሜ «ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ትምህርቷንም አልጨረሰችም» አልኳቸው። ሲፈን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ሰውየው ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ቃልዎን እናከብራለን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሄዱ።

እኔ ሁለተኛውን ምጽአት እጠብቃለሁ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ወንበር ደርድሬ፣ ለስላሳ አቀዝቅዤ፣ ክራቫት አስሬ ተቀመጥኩ። ድመቷ ብቻ መጣች። ለካ እነዚያ ሰዎች ምልልሱን ትተውታል። አንዴ ይመጣሉ፣ የተባሉትን ይሰማሉ፣ ይጽፋሉ፣ በቃ። ደብተራቸው ላይ የሲፈን ጉዳይ ተዘግቷል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሲፈን ከሥራ ገብታ ወንበሮቹን አየች፤ ክራቫቴንም አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «አባዬ፣ አንተ እኮ እስከ ዛሬ የፊልሙ የመጀመሪያ አስር ደቂቃ ላይ ነህ። መጨረሻውን ስትሠራልህ የኖረችው እማዬ ናት» ብላ ክፍሏን ዘጋች።

ወርቂቱ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛውን «አይደርስም» ስለው፣ አንቺ እስከ በሩ ሸኝተሽው «ሐሙስ ና፣ ይደርሳል፤ አፉ ነው» ትይው ነበር ለካ። ወንድምሽን ከአርጆ ሲመጣ ባስኮርፈው፣ ከበሩ የምትመልሺው አንቺ ነበርሽ። እኔ ነገሩ ሁሉ በራሱ የሚቃና ይመስለኝ ነበር። ያን እሁድም ብትኖሪ ኖሮ ለሽማግሌዎቹ በሩ ላይ በኦሮምኛ አንድ ቃል ጣል ታደርጊላቸው ነበር። አሁን እስከ በሩ የሚሸኝልኝ የለም።

ስለዚህ ተነሳሁ። የሴት ልጅ አባት በእግሩ ወደ ወንዱ ቤት! አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ሽማግሌ ይልክብኝ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ የዲጋው ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰውና አንድ ዶሮ አለ። እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። በፊልሙ ሰውየው ሲሮጥ ሚኒባስ እስኪሞላ ሲጠብቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ረዳቱን «ፍጠን እንጂ፣ የልጄ ሕይወት ነው!» ብለው፣ «አባባ፣ ሕይወትም ቢሆን ሁለት ሰው ይቀረናል» አለኝ።

የገመቺስ አባት ኦቦ ዲሪባ አጥር ሲጠግኑ ደረስኩ። በሁለት ቋንቋ አጥንቼ የሄድኩት ንግግር «አካም» ከሚለው ሰላምታ አላለፈም። ሲያዩኝ ደነገጡ፣ «ይቀመጡ እንጂ» አሉ።

«ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም» አልኩ። እንደ ሽማግሌ መቆሜ ነው እንግዲህ። «ኦቦ ዲሪባ፣ ያን ዕለት እምቢ ያልኩት እሺ ለማለት ነው።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ እሺ ለማለት ስንት ዓመት ይፈጅብዎታል?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። እስከ ዛሬ ሚስቴ ነበረች የምታስረዳልኝ። አሁን እኔው ልናገር ብዬ መጣሁ። ልጄ ልጅዎን ትወዳለች፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስ ያለኝ ያን ዕለት ነው።»

መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ዳኛ ከብዶ፣ «እንግዲህ … ልጃችን ገና ልጅ ነው። ትምህርቱንም አልጨረሰም» አሉ።

አለቀ፣ ልጄን ገደልኳት አልኩ። ይሄኔ ሚስታቸው ከጓዳ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ «አንተ ሰውዬ፣ ተው፣ ሰው ትገድላለህ! ኮታ፣ ይምጡ፣ ይግቡ የሲፈን አባት፣ ኮታ!» ኦቦ ዲሪባም አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንድ ለአንድ ሆንን» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የሙሽራውን ሱፍ የምሰፋው እኔ ነኝ። ትናንት ስለካው «ገና ልጅ ነህ» አልኩት፤ ልጁ አመድ መሰለ። ሲፈን በመቀስ አባረረችኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ሙሉ በሙሉ ተለውጫለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ወዲያው እስከ በሩ ተከትዬው «ቀልዴን ነው፣ ልጄ» አልኩት። ራሴ ሄጄ። የኛን ሰርግ ሱፍም አውጥቼ ሞከርኩት፤ ጠበበኝ። ሲፈን የአቮካዶው ሥራ ነው ትላለች። እኔ ግን ሰው ከውስጡ ሲያድግ ያልሽውን ይዣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ፊልም አየን። ሰውየው ሮጠ፣ ደረሰ፣ እኔም አልተነሳሁም። ገመቺስ ያለቀ መስሎት ሊነሳ ሲል፣ «ተቀመጥ፣ በዚህ ቤት ስሞቹ ሳያልፉ አይነሳም» አልኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መብራት ያዡን፣ ሹፌሩን፣ ምግብ አብሳይዋን አነበብኩ። የመጨረሻው ስም አልፎ ቴሌቪዥኑ ሲጠቁር፣ ያልተጻፈውን ያንቺን ስም ጨመርኩበት። ዓይኔ ፊደል እስከለየ ድረስ እንዲሁ አነባለሁ፤ ዓይኔ እምቢ ሲል ደግሞ ያንቺን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ባልሽ፣
አባ ሲፈን