የአባባ መራራ ዱቄት

ውድ ታፒዮ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለዚህ ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግበት።

የገናው ዕለት ሳውና ውስጥ ያደረግኸውን አልረሳሁም። አባባ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆስፒታል ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ያንን የእንፋሎት ቤት በገዛ እጁ የሠራ ሰው፣ እንደ ልማዱ እንፋሎቱ ወደሚበረታበት ላይኛው መደብ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ ጉልበቱ ከዳው። አንተ ከላይ ሆነህ፣ የውሃውን ጭልፋ እንደያዝክ፣ «አባባ፣ አንተ እዚያው ታች፣ የሕፃናቱ ቦታ ተቀመጥ። መደብ ላይ መውጣት ያቃተው ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል እንዴ?» አልከው። እሱም ታች ተቀመጠ። እራት ላይ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ነገር አነሳህ፤ ቤቱ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ገዢ እንደማያጣም አስረዳኸን። የበዓሉ ሥጋ ገና ከገበታ አልተነሳም ነበር።

ጥር ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ራይሊ፣ «ጋሼ፣ ጡንቻዎ እያለቀ ነው። ምግብም አልበላ ብለዋል» አለችው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ፣ ኩላሊቱም ታይቶ፣ የአሚኖ አሲድ ዱቄት ታዘዘለት። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ያኔ ስቀህ ያሳለፍከውን አሁን ደግሜ ልንገርህ። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ ከምንበላው ብቻ የምናገኛቸው አሚኖ አሲዶች አሉ። ያለ እነሱ ጡንቻ አይጠገንም፤ ያረጀ ሰውነት ደግሞ ከወጣቱ አብልጦ ይፈልጋቸዋል። ዱቄቱ ተአምር አይሠራም። ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ግን ያግዛል።

አንተ በስልክ ምን አልክ? «አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ ዱቄት ጠጥተህ ልትጎረምስ ነው? ነገ ደግሞ መስታወት ፊት ቆመህ ክንድህን ታሳየናለህ!»

አባባ በዚያው ቀን የዱቄቱን ኩባያ ገፋው። «ይመራል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይመራል። በጣፋጩ የብሉቤሪ ፍሬ ሾርባ በጠበጥኩለት፤ እምቢ አለ። ለመንኩት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ተናደድኩና፣ «እሺ፣ ለጤናህ ብለህ አትጠጣ። ታፒዮን ለማሳረር ጠጣው!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ያሳርረዋል?»

«እርር ድብን ነው የሚለው።»

«አምጣው።»

ከዚያ ወዲያ ኩባያ አልመለሰም። እጁን ሳይደገፍ ከወንበር መነሳት ሲለማመድ፣ በተነሳ ቁጥር ስምህን ይጠራ ነበር፤ በምን ቃና እንደሆነ አልጽፍልህም። ራይሊ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ታፒዮ የሚሉት ቅዱስ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «ልጄ ነው» አላት፤ «ቆይ፣ አንዴ ልድገም።»

በሰኔ፣ ለዩሃኑስ በዓል፣ ቤቱን ፎቶ የሚያነሳ ደላላ ይዘህ መጣህ። አባባ ከሳውናው ውስጥ፣ «ና ግባ፣ ልጄ» ብሎ ጠራህ። ላይኛው መደብ ላይ ተቀምጧል። ተከታትለን ስንገባ ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ሲደፋው በእንፋሎቱ የእኔ ጆሮ እንኳ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው። «ቤቴን አልለቅም» አለህ፣ ደግሞም ደፋ። አንተ በደላላው ፊት ራቁትህን እየሮጥክ ሐይቅ ገባህ። ደላላው ጨዋ ሰው ነው፤ ካሜራውን ወደ ዛፎቹ አዞረ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ አላፍርበትምም።

ከዚያ ሄድክ፤ ዝም አልክ። ይህን ያስጻፈኝም ዝምታህ ነው። አባባ ልምምዱን ትቷል። ራይሊ ጉልበቱ እየደከመ ነው ትላለች፤ በዚሁ ከቀጠለ የበረዶውን ክረምት ብቻውን አይወጣውም። ትናንት ኩባያውን ገፋና፣ «ለማን ብዬ? ታፒዮ እንደሆነ ተሸንፏል» አለኝ። እኔ ላናድደው ሞክሬያለሁ፤ ይስቅብኛል።

ይቅር አላልኩህም፣ አልልህምም። ግን ደውልለት። መጦሪያው ውስጥ ክፍል ይዤልሃለሁ በለው። ይሄን ክረምት አትዘልቀውም በለው። «እንዴት ከረምክ» ብለህ ጀምረህ ነገሩን እንዳታበላሽ፤ አንዲት ደግ ቃል ካመለጠችህ ዱቄቱን ማጠቢያ ውስጥ ይደፋዋል። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይሁን። እኔ በጥብጬ አጠገቡ እቆማለሁ።

ታላቅ ወንድምህ፣
ኢልፖ