የወፍጮው ብሎን

ለመጀመሪያዋ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ተጣመሽ ነው የምትውዪው? እኛ ደህና ነን። ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ደህንነታችን ሊያስቀናሽ ይችላል።

እናትሽ ከታመመች ወዲህ ደብዳቤ አልላክሁልሽም፤ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አሁን እኔ እየተናገርኩ ሰው ይጽፍልኛል። እጅ ጽሑፉን ካወቅሽው አፍሽን ይዘሽ አንብቢ እንጂ ወሬዬን ከመሀል እንዳታቋርጪኝ።

ያን ቀን ግቢሽ ውስጥ የተናገርሽኝን አልረሳሁም። እናትሽ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት አራት ወር ሆኗት ነበር። በቀን መቶ ጊዜ ጭመቂ ተብላ የተሰጣትን የጎማ ኳስ አልጋ ሥር ወርውራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ብይ ሲሏት ዝም፤ ቡና ሲሏት ዝም። አንቺ የታችኛውን ክፍል አጽድተሽ ዳር ዳሩ ብረት ያለው አልጋ አስገባሽላት። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት የነዳሁትን አውቶቡስ፣ እኔና እሱ አብረን ጡረታ ስንወጣ ገዝቼ፣ ወንበሩን ነቅዬ፣ አልጋና ቡታጋዝ አስገብቼ ቤት አድርጌዋለሁ። ቤቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ ሰፈርተኛው ቀንድ አውጣ የሚለውን ማለቴ ነው።

በእሱ ይዣት ልዙር ብልሽ፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ ሻይ እንኳ አፍልተህ አታውቅም። ያ እጅ ደግሞ ከእንግዲህ ማንኪያም ብዕርም አይዝም፤ ቁርጡን እወቀው» አልሽኝ። ሁለት ወር ስጪኝ አልኩሽ። «ሁለት ወር። ካልሆነ ትመልሳታለህ፤ አልጋው ይጠብቃታል» አልሽ። ሁለት ወሩ በዚህ ሳምንት ሞላ።

እውነት ለመናገር ሻዩ ላይ አልዋሸሽም። አርባ ዓመት ሙሉ ቡና ተቀድቶ እጄ ላይ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። ግን ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ቡና ያቅተዋል? አቃተኝ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የጠራው ውኃ ለባትሪ የሚጨመረው ነው ብዬ፣ ያልተነካ ጀሪካን ከፍቼ በእሱ አፈላሁ። እናትሽ አንድ ጊዜ ፉት አለችና በግራ እጇ በመስኮት ደፋችው። «ይህ ቡና ሬሳ ነው» አለችኝ። ልጄ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ደስ ብሎኝ ወርጄ ጎማ የማይ መስዬ መኪናውን ሁለቴ ዞርኩት።

ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘኝ። በየደረስንበት ውኃውን አስቀድሜ ቀምሼ ካልወደድኩት አልቀዳም። ቡናውን በትንሽ መጥበሻ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ እቆላለሁ። ውኃውን እየተንተከተከ ዱቄቱ ላይ አላፈሰውም፤ መጀመሪያ ከእሳት አውርጄ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ የሞተሩ የሙቀት መርፌ ከቦታው ንቅንቅ ሲል ያኔ ውኃው ልክ በርዷል፤ በማጥለያው ጨርቅ ላይ ቀስ እያልኩ አፈሳለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

የቀረኝ መፍጨቱ ነበር። ከመንገድ ዳር ብረት ሻጭ የእጅ ወፍጮ ገዝቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሰርኩት። እጀታው በቀኝ እጅ ነው የሚዞረው፤ በግራ ላዙረው ብትዪ ክርንሽ ከመስኮቱ ብረት ጋር ይጋጫል። ሰው ሲጠይቀኝ ሆን ብዬ ነው እላለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው።

ወደ ተራራው ስንወጣ ቡናው ውኃ ውኃ አለ። ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም፤ በራዲያተር ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ዱቄቱ ልሞ መፈጨት አለበት። የኔ ጠጠር ነበር። እናትሽ ተኝታ ወፍጮው ሲንገጫገጭ ሰምታ ሰምታ አንድ ጠዋት ተነሳች። «አንተ ሰውዬ፣ ኮረት ልታጠጣኝ ነው? ዞር በል» አለችኝ። በግራ ሞከረች፤ ክርኗን መታት። ሰደበችኝ። ከዚያ ዱቄቱን የሚያልመውን ብሎን በግራዋ አጠበቀችና፣ ቀኟን አንስታ እጀታው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ዙር አዞረች። አንድ። ቁጭ ብላ አረፈችና ሌላ አንድ።

በነጋታው እንድትናደድ ፈለግሁ። ሳታየኝ የወፍጮውን ብሎን አላላሁትና እንደገና ጠጠር ፈጨሁላት። እንደገና ተነሳች፣ እንደገና ዞር በል። ከዚያ ወዲህ በየማታው አላላለሁ፣ በየጠዋቱ እሰደባለሁ። እዚህ ላይ የምትጽፍልኝ ሴት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ጻፊው እንጂ፣ ምን ትመለከቺኛለሽ አልኳት። ጻፈችው።

አምስት ዙር አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሠላሳ ሆነ። ከትናንት ወዲያ ሙሉ ወፍጮ ለብቻዋ ፈጨች። አፈሰስኩ። ሽታው በሩን አልፎ ሄደ መሰለኝ፣ ጎናችን ያቆመው፣ በሚያብረቀርቅ ቤት-መኪና የሚዞረው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ሲኒ ይዞ መጣ። ቁልፉን ሲነኩት በራሱ የሚያፈላ የቡና ማሽን አለው፤ ከደረስን ጀምሮ በእሱ ሲጎርርብኝ ነበር። ጠጣና የሲኒውን ሥር አጎንብሶ አየ። «ምን ጨምራችሁበት ነው?» አለ። እናትሽ ቀደመችኝ። «ስድብ» አለችው። ሰውዬው እስኪያንቀው ሳቀ። እሷም ሲኒዋን ጨልጣ፣ በየትኛው እጅ መሰለሽ፣ ዘረጋችልኝ። «ድገመኝ» አለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ስነዳ አንድ ተሳፋሪ አልጣልኩም ብዬ የኮራሁት ሁሉ ከዚያች ቃል ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ወሩ ሞልቷል፤ እኛ ግን አንመለስም። የብረት አልጋውን ለሚያስፈልገው ስጪ። ያን ክፍል ለልጆቹ መጫወቻ አድርጊው። ስትናፍቂን አንቺ ነይ፤ ቀንድ አውጣው ከኋላ አንድ አልጋ ትርፍ አለው። ብቻ ጥሬ ቡና ይዘሽ ነይ፣ እንዳትሸወጂ ደግሞ፤ ፍሬው እኩል እኩል የሆነውን።

ጽሕፈቱ ወዲያና ወዲህ ቢል እንዳታሾፊ። ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ጠዋት ፈጅቷል፤ የምናገረው ሞልቶኝ ጣቶቿ እስኪያርፉ ስጠብቅ ነበር። በሕይወቴ ለማንም እንዲህ ታግሼ አላውቅም።

ወገብሽን ጤና ይስጥልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ፣ ልጆችሽ ከቁመትሽ ይለፉ፣ መንገድሽ ሁሉ ቀና ይሁንልሽ። የማኅተም ቀለም ስላጣን አውራ ጣቴን በቡና አተላ ነክሬ አትሜዋለሁ፤ ብታሸቺው ይሸትሻል።

አባትሽ

ልጄ፣ እሱ ማንበብ ስለማይችል ይህችን ከጣቱ አሻራ ሥር ሰርቄ ጻፍኳት። ብሎኑን እንደሚያላላው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሲፈታ ይጮኻላ። አደራ፣ እንዳትነግሪው። ብዕሬ እያለቀ ነው፤ ስትመጪ ሁለት ይዘሽልኝ ነይ።