የድሬን ልጆች ሁሉ ለአንድ አባት ለሰጠው ድረ ገጽ ኃላፊ

ለክቡር የነዋሪዎች ምዝገባ ድረ ገጽ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ዘወትር እንደሚሠራ፣ ከመስኮቱ ሥር ተሰልፈን ስንቆም ትከሻችን ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ስለሚያረጋግጥልን፣ የጠየቅሁት ለሰላምታ ያህል ብቻ ነው። እኔ ኻሊፍ ዱዓሌ እባላለሁ፤ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደረጃውን ሳያሳይ መልስ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ አልወድም ነበርና፣ ምስጋናዬንም በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲሱ ድረ ገጽ ስለ መልኩ ሊመሰገን ይገባዋል። የደቻቱን ድልድይ ፎቶ እያሽከረከረ ሲያሳየኝ ራሴን አዞረኝ። ማዞሩ ሲለቀኝ ስሜን በትክክል ጽፎ አገኘሁት፤ የአባት ስም በሚለው ቦታ ግን በላቲን ፊደል «ኦብጀክት ኦብጀክት» ይላል። በአያት ስም ቦታም እንዲሁ። ቃሉ ዕቃ እንደ ማለት ነው። እኛ ሶማሌዎች ልጅ ሳለን የአያቶቻችንን ስም ወደ ላይ ካልቆጠርን እራት አይቀርብልንም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ ዕቃ የሚባል አያት አጋጥሞኝ አያውቅም። ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደረው የቀድሞ ተማሪዬ ሙስአብ ስልኬን ተቀብሎ አየና ሳቀ። እንዳስረዳኝ፣ ገጹ ባዶ ቦታዎች የተተዉለት ናሙና ነው፤ በየባዶ ቦታው ምን እንደሚገባ የሚነግረው ሠሪው ነው። በኮምፒዩተሩ ዘንድ አባት ማለት አንድ ቃል ሳይሆን ስም፣ የትውልድ ዘመንና አድራሻ በውስጡ የያዘ ጥቅል ነው። የእርስዎ ባለሙያ «የአባትን ስም አሳይ» ማለት ሲገባው «አባትን አሳይ» ብሎ አዘዘ፤ ማሽኑም አንድን ሙሉ ሰው በአንድ መስመር ላይ ማስተኛት ሲያቅተው፣ ይኼ ዕቃ ነው ብሎ አለፈ። «አቦ ቲቸር፣ አንዲት ነጥብና ስም የሚል ቃል ነው የጎደለው፤ ያዘዝነው ሻይ ሳይመጣ ይስተካከላል ወላሂ!» አለኝ። ይህንኑ በመስኮት ለምታስተናግደው ሠራተኛዎ ለወይዘሪት እፀገነት ብነግራት፣ «አባባ፣ እኛ ሲስተሙ ያወጣውን ነው የምናየው፤ እኔ ከሲስተም እበልጣለሁ?» አለችኝ። በትሕትናዋ ተደንቄ ተመለስኩ። ከሲስተሙ እንደማይበልጥ፣ ያውም ከዚያ ሲስተም፣ በገዛ አፉ የሚመሰክር ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ቢደክምዎ ተቀምጠው ያንብቡት፤ መቀመጡን እንደሚችሉበት ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሀዊ የጎረቤቴ የአቶ ዓብዩ ልጅ ናት። ይሳቅ የሟቹ የአቶ ዮአኪም ልጅ ነው። ሊጋቡ ሲነሡ ከተላክነው ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዘር መቁጠር ስለምወድም ቆጠራው ለእኔ ተሰጠ። የአቶ ዓብዩን ወገን ከዋሂል፣ የአቶ ዮአኪምን ወገን ከመንዝ ጀምረን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርን፤ አንድም ቦታ አልተገናኙም። ቀለበት ታሰረ፣ የሠርጉ ቀንም ተቆረጠ። ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ወደ እናንተ ሲመጡ ወይዘሪት እፀገነት የሁለቱን መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጣ መረመረች። የሀዊ አባት ኦብጀክት፣ የይሳቅ አባት ኦብጀክት፤ አያቶቻቸውም እንደዚያው። መመሪያው ወንድምና እህትን ስለማያጋባ ማመልከቻቸውን ውድቅ አደረገችው፤ ግልጽነትን የሚወደው ድረ ገጽዎም «ምክንያት፦ አመልካቾቹ የአንድ አባት ልጆች ናቸው» ብሎ ለመላው ከተማ አወጀ። በዚያ ሰሞን እጮኛ ሆነው ወደ ቢሮዎ የገቡ ሁሉ ወንድምና እህት ሆነው ወጥተዋል። ሌሎቹ ስቀው ገጹ እስኪስተካከል ጠበቁ።

የይሳቅ እናት ወይዘሮ ቦጋለች ግን አልሳቁም። አቶ ዮአኪም የባቡር ሰው ነበሩ፤ የባቡር ሰው ሚስት ደግሞ ባሏ በየጣቢያው ሲያድር ማን በሩን እንደሚከፍትለት ስታስብ ነው የምታረጀው። ያንን ጥርጣሬ ከባላቸው ጋር ቀብረውት ነበር፤ እናንተ በማኅተም አወጣችሁት። ቀፊራ ገበያ መሃል የሀዊን እናት አግኝተው፣ ሽንኩርት ሻጮቹ እየሰሙ፣ «እንዴት ሳላየው ቀረሁ! ልጅሽ እኮ የባሌን ግንባር ይዛ ነው የወጣችው!» አሏቸው። የሀዊ እናትም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እንኳን ባልሽን ባቡሩንም ተሳፍሬበት አላውቅም!» ብለው መለሱ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዓብዩ ግን ወሬው ሲደርሳቸው አልሳቁም፤ ከዚያ ወዲህ ሚስታቸውን የሚያናግሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። ሀዊ ቀለበቷን መልሳለች። ይሳቅም ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመለስ በእኛ ሰፈር በኩል ማለፉን ትቷል። ሰባት ቤት ቆጥሬ ያሰርኩትን እናንተ አንድ ቃል ዘንግታችሁ ፈታችሁት፤ እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት ከመሥሪያ ቤትዎ አግኝቼ ስለማላውቅ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

አራተኛ፣ ገጹ ስለተስተካከለ አመሰግናለሁ። አንድ ማለዳ አባቶቻችን ሁሉ ወደየስማቸው ተመለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረም፤ «ሲስተማችን ወደ ላቀ ደረጃ ተሸጋግሯል» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ነበር። እኔም የሀዊን የተስተካከለ ገጽ ከስልኳ አሳትሜ ወደ ወይዘሮ ቦጋለች ሮጥኩ። አዩት፣ አጣጥፈው መለሱልኝና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ደግ ሰው ይታለላል። መንግሥት ሳያስበው ካፉ ያመለጠው ነው እውነቱ። ይኼኛው በኋላ በዘመድ የተስተካከለ ነው» አሉኝ። የቢሮዎን አሠራር ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቁ ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በዚያች መስታወቷ በጠቆረው መኪናዎ ወይዘሮ ቦጋለች ደጅ ድረስ መጥተው፣ «ተሳስተናል፤ ልጆቹ ወንድምና እህት አይደሉም» ይበሉልኝ። ቃሉ ለአፍዎ እንግዳ መሆኑን እረዳለሁ፤ ከፈለጉ አስቀድሜ አስጠናዎታለሁ፣ ከእርስዎ የባሱ ሰነፎችንም አስተምሬ አሳልፌአለሁ። ከእርስዎ በታች ያለ ሰው ቢመጣ ወይዘሮ ቦጋለች አያምኑትም፤ ከእርስዎ በላይ ያሉት ደግሞ እርስዎ መኖርዎን ገና አልሰሙም።

ትዕግሥትዎ እንደ ኔትወርካችሁ እንዳይቆራረጥ፣ ዕድሜዎም እንደ ወረፋችን እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ኻሊፍ ዱዓሌ
የሒሳብ መምህር (በጡረታ)፣ ቃሉ በድረ ገጽ የተሻረ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ገጹ በተበላሸበት ሰሞን ማንም ሰው የማንንም ስም ጽፎ ማየት ይችል ስለነበር፣ ሙስአብ የክቡርነትዎንና የክብርት ባለቤትዎን ገጽ አሳትሞ ሰጥቶኛል። በራስዎ መሥሪያ ቤት ማኅተም ሥር ሁለታችሁም የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። ጋብቻችሁን የሻረ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ አልጋ መለየታችሁንም እንዲሁ። ወይዘሮ ቦጋለችን የሚያሳምን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በአካል ከመጡልኝ ወረቀቱን በእጅዎ አስረክባለሁ፤ እስከ ዓርብ ካልመጡ ግን ይዤው ቀፊራ እወርዳለሁ። ወይዘሮ ቦጋለች ሲያነቡ ድምፃቸው እስከ ጨርቅ ተራ ይሰማል።