ከአየር ማረፊያው ሰልፍ እስከ ጃፓን ፍል ውሃ፦ የአቶ ኪዳኔ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኪዳኔ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ገረመው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ አየለ ጥር 18 ቀን 1948 ዓ.ም. በወሊሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማው የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት ተራ አስከባሪ ነበሩ። ሥራቸው ታጣቢውን በመጣበት ቅደም ተከተል ማስገባት፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ በሩን በከዘራ ሁለቴ መምታት ነበር። በዚያ በር ላይ ባላምባራስ ቢመጣ፣ የአውራጃ ገዥ ቢመጣ ከተራ ውጭ አይገባም። የአቶ ኪዳኔ ታናሽ ወንድም መልከጼዴቅ በሰባት ዓመቱ በአንድ ሽማግሌ ጋቢ ሥር ሾልኮ ሊገባ ሲል፣ ጆሮውን ይዘው ወደ ሰልፉ መጨረሻ የመለሱት የገዛ አባቱ ናቸው። ይህ እዚህ ለምን እንደተነሳ ወደ ታች ስንደርስ ይገባችኋል።

አቶ ኪዳኔ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወሊሶ ተከታትለዋል። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ በተለይ ሒሳብ ላይ የሚደርስባቸው አልነበረም። በኳስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አልነበሩም። በ1971 ዓ.ም. በአገሪቱ በነበረው ሁኔታ ምክንያት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በገዳሪፍ አራት ዓመት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ አሜሪካ መጥተው ላስ ቬጋስ ገቡ። መጀመሪያ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን አጠቡ፤ ከ1986 ጀምሮ ግን ጡረታ እስከወጡበት ዕለት ድረስ ታክሲ ነዱ። በ1987 ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው በ1990 ልጃቸውን ሚሚን ወለዱ።

በ1992 ወንድማቸውን መልከጼዴቅን ከአገር ቤት አስመጡ። ሳሎናቸው ውስጥ አስተኝተው፣ መንዳት አስተምረው፣ የታክሲ ፈተና አስፈትነው፣ በከተማው ውስጥ ያለውን የሆቴል የኋላ በር ሁሉ አንድ በአንድ አሳይተው ሰው አድርገውታል። በቤተ ክርስቲያናችንም ለሃያ ሁለት ዓመታት የመኪና ማቆሚያውን በማስተናገድ አገልግለዋል። ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው “ተመለስ፣ አንተ ከሱ በኋላ ነህ” ያላሉት ሾፌር ያለ አይመስለንም። ቀሳውስቱም አልቀሩም።

አሁን ወደ ሜይ 2011 እንምጣ። መዝለል ይቻል ነበር፤ ግን ይህንን ጉባኤ የሚያውቅ፣ ቢዘለል ምን እንደሚባልም ያውቃል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበሩ። አቶ ኪዳኔ ከሁሉ ፊት፣ መልከጼዴቅ ከኋላቸው። የአንዲት አሮጊት ሻንጣ ከጋሪ ላይ ተንዶባት ስለነበር አቶ ኪዳኔ ወርደው ሊያነሱላት ሄዱ። ሲመለሱ መልከጼዴቅ በጎን አልፎ፣ ተሳፋሪውን ጭኖ፣ የለም። በሰልፉ ደንብ መኪናውን ጥሎ የወረደ ወደ መጨረሻ ይመለሳልና አቶ ኪዳኔ ሄደው ከስልሳ ታክሲ ኋላ ቆሙ። መልከጼዴቅ በበኩሉ የአየር ማረፊያው ተራ አስከባሪ በጣቱ ጠቁሞት እንደሄደ ሲናገር ኖሯል። ተራ አስከባሪ ሲያዝ መታዘዝ ደግሞ ያደጉበት ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል አልተነጋገሩም። ሁለቱም የሚኖሩት ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ነው፤ በመኪና አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። በሚሚ ምርቃት ላይ አንድ ጠረጴዛ ደርሷቸው፣ አቶ ኪዳኔ ለባለቤታቸው “ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው” ይላሉ፤ መልከጼዴቅ የጨው ዕቃውን አንስቶ “ስጪው” ይላል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ በመሃል ሆነው ምግባቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጧል። አቶ ኪዳኔ ካሳ አልጠየቁም፣ ጉልበቴን ይሳም አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “‘ጋሼ፣ ተራህን ወስጃለሁ’ ይበለኝ። በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።” መልከጼዴቅ ደግሞ ድንጋይ ተሸክሜ እገባለሁ፣ ያልሆነውን ግን ሆነ አልልም አለ። በሦስተኛው ሽምግልና በእርግጥም ድንጋይ ተሸክሞ ገብቷል። ድንጋዩን ያነሳው ከሚኖርበት አፓርትመንት ግቢ ስለነበር፣ ንብረት ነው ተብሎ በደብዳቤ ተጠይቆ መልሷል። ዕርቁም ያኔውኑ ፈረሰ።

ልጃቸው ሚሚ በጃፓን አገር እንግሊዝኛ ታስተምራለች። በኖቬምበር 2023 አባቷን ከእናቷ ጋር፣ አጎቷን ደግሞ ለብቻው፣ ኑና እዩኝ ብላ ትኬት ላከች። ወይዘሮ የሻሽወርቅ በጉዞው ዋዜማ ወገቤን አሉና ቀሩ። ዛሬ ሲጠየቁ ወገባቸው ደህና እንደነበር አይክዱም። ሁለቱ ወንድማማቾች አውሮፕላን ውስጥ በአንድ ረድፍ ተገናኙ። በመሃላቸው የተቀመጠው መንገደኛ ቦታ ልልቀቅላችሁ ወይ ቢል፣ ሁለቱም አመስግነው እንቢ አሉት።

ሚሚ የወሰደቻቸው ከተራራ ሥር ወዳለ አንድ የቆየ የፍል ውሃ ማረፊያ ነው። ለሁለት ቀን አስረክባቸው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተያዘላቸው ክፍል አንድ ነው። አልጋ የለውም፤ ወለሉ ሰሌን ነው፤ ወደ ማምሻው የማረፊያው ባለቤት፣ ሰማንያ የሚሆናቸው አዛውንት እናት፣ ሁለት ፍራሽ አምጥተው ጎን ለጎን ያነጥፋሉ። ወንድማማቾቹ ሴትየዋ ዞር ሲሉላቸው አንዱ አንዱን ፍራሽ ወደ በሩ፣ ሌላው ሌላውን ወደ መስኮቱ ይጎትታሉ። እራት በልተው ሲመለሱ ፍራሾቹ እንደገና ገጥመዋል። እነሱ ሲያለያዩ ሴትየዋ ሲገጥሙ የመጀመሪያው ምሽት እንዲህ አለፈ።

እዚያ ቤት ጫማ በር ላይ ይቀራል። ለመተላለፊያው አንድ ነጠላ ጫማ አለ፣ ለሽንት ቤት ደግሞ ሌላ። መልከጼዴቅ የሽንት ቤቱን አድርጎ እራት ላይ ቀረበ። አቶ ኪዳኔ ገና ከበሩ አይተውታል፤ ነገር ግን አይነጋገሩም። ሴትየዋ መጥተው ዝቅ ብለው ከእግሩ እስኪያወልቁለት ድረስ አቶ ኪዳኔ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሳቸውም ቀን አልቀረም። በማግስቱ እንግዳ ሁሉ የሚለብሰውን የጥጥ ካባ ቀኙን ከላይ ደርበው ብቅ ሲሉ፣ ሴትየዋ ደንግጠው ሮጠው መቀነቱን ፈቱና ግራውን ከላይ አድርገው እንደገና አሰሩላቸው። ሚሚ በስልክ ስትጠየቅ፣ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው አለች። አቶ ኪዳኔም “ንገሪያቸው፣ የኔ ተራ ገና ነው” አሏት። ምሳ ጥሬ ዓሣ ቀረበ። መልከጼዴቅ ሳህኑን እያየ ሲያመነታ፣ አቶ ኪዳኔ ከካባቸው እጅጌ ውስጥ የሚጥሚጣ ብልቃጥ አወጡ። ለራሳቸው ነሰነሱ። ከዚያ ብልቃጡን፣ ሰው ሳያዩ፣ በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት። ገበታው ላይ የሻሽወርቅ የሉም፤ ንገሪው የሚባል ሰው የለም። መልከጼዴቅ ወሰደ፣ በላ። ያቺን ሚጥሚጣ እስከዛሬ አልረሳትም።

መታጠቢያው አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በቀን አርባ ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ተራው ሲሆን የክፍሉ ቁጥር ያለበት ጣውላ በሩ ላይ ይሰቀላል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም በር ላይ ቆመው ማን ይቅደም ሲሉ አርባው ደቂቃ አለቀና ሌላ እንግዳ ገባ። በሁለተኛው ቀን እንደ ምንም ብለው አብረው ገቡ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንዱ የሌላውን ገላ አላየም፤ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው አወለቁ። ውሃው ውስጥ ከመግባት በፊት በትንሽ በርጩማ ተቀምጦ መታጠብ ግዴታ ነው። አቶ ኪዳኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ሻንጣ ያነሱበት ቀኝ ክንዳቸው ወደ ኋላ አይዞርም። ሳሙናው ሦስት ጊዜ ከእጃቸው ወደቀ። በአራተኛው መልከጼዴቅ አነሳውና ሳይጠየቅ ጀርባቸውን ያጥብ ጀመር። ትከሻቸው ሥር ያለችውን ጠባሳም አወቃት፤ ልጅ ሳለ ከወሊሶው ፍል ውሃ ቧንቧ ሊያሸሹት ሲሉ የተቃጠሉባት ናት። እዚያው አለቀሰ። በእንፋሎት አመካኘ፤ ግን አለቀሰ።

ከዚያ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። አቶ ኪዳኔ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የመጀመሪያ የሆነችውን ቃል ተናገሩት፦

“አሁንስ?”

መልከጼዴቅ አፉን ከፈተ። ያ ቃል ጉሮሮው ላይ ነበር። የወጣው ግን “ውሃው ይሞቃል” የሚል ሆነ።

አቶ ኪዳኔ ሳቁ። ውሃ እስኪገባባቸው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚህ መሃል አርባው ደቂቃ ሞልቶ ሴትየዋ በሩን ሁለቴ አንኳኩ። ሁለት አዛውንቶች፣ ከወሊሶ ከወጡ ዘመን አልፏቸው፣ በአንዴ ብድግ አሉ። የአባታቸውን ከዘራ ሰምተው ነው። እርስ በርስ ተያዩና እንደገና ሳቁ። በዚያ ቀን ፍራሾቹን ማንም አልጎተተም።

ከተመለሱ በኋላ በየቅዳሜው ረፋድ በመልከጼዴቅ አፓርትመንት ግቢ ያለችው የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ አብረው ይቀመጡ ነበር። አቶ ኪዳኔ የጃፓኑን ደንብ ስለወደዱት፣ በርጩማና ባልዲ ይዘው መጥተው ገንዳው ዳር ሳሙና ይታጠባሉ። የጎረቤት ስሞታ በዝቶ ሳሙና ክልክል ነው የሚል ወረቀት የተለጠፈው በእሳቸው ምክንያት ነው። ውሃው ውስጥ ሲደላደሉም ሁልጊዜ “አሁንስ መልኬ?” ይላሉ። መልከጼዴቅም ዛሬ ቀዝቅዟል፣ ዛሬ ክሎሪኑ በዝቷል፣ ይላል። ጨዋታ ሆነ። ቢያንስ ለመልከጼዴቅ ጨዋታ ይመስለው ነበር።

አቶ ኪዳኔ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ኦክሲጅናቸውን ገለጥ አድርገው “አሁንስ?” አሉ። ወንድማቸው እጃቸውን ይዞ “ነገ፣ ጋሼ” አላቸው። ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። መልከጼዴቅ ሲደርስ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በር ላይ ጠብቀው የባለቤታቸውን የመጨረሻ ትእዛዝ ነገሩት፦ “የሕይወት ታሪኬን መልከጼዴቅ ይጻፈው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ የሚያነበውም ራሱ ይሁን።”

ጋሼ ሒሳብ ይችሉ ነበር ብለናል።

ስለዚህ የሚከተለው እርማት ይነበባል። ከላይ ተራ አስከባሪው በጣቱ ጠቁሞት ነው የተባለው ሐሰት ነው። ተራ አስከባሪው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ማንም ማንንም አልጠቆመም። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ መልከጼዴቅ ሺፍቱን ቶሎ ጨርሶ ቤቱ ሊገባ ፈለገ። ወንድሙ የአሮጊቷን ሻንጣ አንስተው ቀና ሲሉ በመስተዋት አይቷቸዋል። አይቷቸው ሄደ። ጋሼ፣ ተራህን ወስጃለሁ።

አቶ ኪዳኔ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ከልጃቸው ከሚሚ እና ከወንድማቸው ከመልከጼዴቅ ተለይተዋል። አስከሬናቸው ሲገነዝ ቀኙ ከላይ መሆኑን ሚሚ ራሷ አይታለች። የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን የሞቀ ዕረፍት ባለበት፣ አንኳኩቶ ውጡ የሚል በሌለበት ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። ታናሽ ወንድማቸው ከኋላቸው ተሰልፏል፤ ተራውን ይጠብቃል።