«ክኒኑን በምን ዋጡት?» ሲሉ የኖሩት የአቶ ጎበዜ አምባው የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን አቶ ጎበዜ አምባው ከአባታቸው ከአቶ አምባው ኃይለየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ በለጠ በ1899 ዓ.ም. በልደታ ሰሞን ቡልጋ ውስጥ ተወለዱ። እናታችን የልደታ ማግስት ነው ሲሉ አባታችን ዋዜማው ነው ይሉ ነበር፤ ክርክሩ ሁለቱም እስኪያርፉ ድረስ አልተፈታም። ጎበዜም ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ቀን ያከብሩ ነበር።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ሙሉወርቅ ነኝ። በሕይወት ሳሉ ወሬ ታበዣለሽ እያሉ ይቆጡኝ ስለነበር ላሳጥር እሞክራለሁ።

በልጅነታቸው በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በአንድ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ወይዘሮ ባየችን አግብተው ውቢትንና በለጠን ወለዱ። ቁስል ሲታጠብ በር ላይ ቆመው መመልከት ያበዙ ስለነበር አለቆቻቸው ከማባረር ማስተማር ይሻላል ብለው ወደ ድሬሰርነት ትምህርት ላኳቸው፤ በ1940 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1944 ዓ.ም. ለስድስት ወር ተብለው አሰበ ተፈሪ ተመደቡ። ስድስቱ ወር አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ ከ1952 እስከ 1958 ዓ.ም. ያለውን በገለምሶ ክሊኒክ አሳለፉ።

ለጎበዜ መድኃኒት ሰጥቶ ማሰናበት የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ በበቅሎ ተቀምጦ በበደሳና በመሰላ ገበያ መድኃኒቱን የወሰደውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። ምን ተሰማዎት? ሽፍታ ወጣብዎት? ለጎረቤት አካፈሉ? በምን ዋጡት? የሚመለስላቸውን ሁሉ፣ የሚረባውንም የማይረባውንም፣ በደብተር ይጽፉ ነበር። አንድ ጊዜ በሠርግ ላይ ሙሽራውን በአማቶቹ ፊት ስለ ወስፋት መድኃኒቱ ጠይቀውት ወይዘሮ ባየች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። በቅሏቸውም ልማዱ ስለያዛት መንገደኛ ሲመጣ ሳትታዘዝ ትቆም ነበር።

በ1954 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ገለምሶ ላይ ግርሻ ገባ፤ ለቀቀኝ ሲሉት የሚመለስ ትኩሳት ነው። ከሐረር ባለሁለት ቀለም አዲስ ክኒን ተላከ። ጎበዜ ጠንካራ መድኃኒት ሆድ ያቃጥላል ብለው ከራሳቸው አእምሮ አመንጭተው ለበሽተኛው ሁሉ በወተት ዋጡት ብለው አዘዙ። በሳምንቱ ክርስቲያኖቹ የመንግሥት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ድነው ሥራ ገቡ፤ የከተማው እስላም ወገን ግን ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ነጋዴው አቶ አብዱላሂ ክሊኒክ መጥተው «ወላሂ አቶ ጎበዜ፣ ለናንተ ሰው ሌላ የመድኃኒት ቆርቆሮ፣ ለኛ ሰው ሌላ ቆርቆሮ አለ ይባላል» አሏቸው። ክሊኒኩ በሁለት ቀን ባዶ ቀረ። ወይዘሮ ሙሚና የሰባት ዓመት ልጃቸው ረዲያ በትኩሳት እየነደደች ሳለ ጎበዜን ከደጃፍ መለሷቸው። «አንድ ጊዜ አምኜህ ነበር» ነው ያሏቸው። ያኔ አብሬያቸው ገለምሶ ነበርኩ፤ ወንድሜ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ደብተራቸውን ዘርግተው ስም በስም አነበቡ። ከዳኑት መካከል የጭነት ሠራተኛው ቡሽራ ነበረ፤ ቡሽራ ደግሞ እስላም ነው። ወተት ሆዴን ያውከኛል ብሎ ክኒኑን በውሃ ነበር የዋጠው። ካልዳኑት መካከል አንድ ክርስቲያን ተገኙ። እኚህ ሰው የድሬሰር ትእዛዝ ነው ብለው ጾሙን በጓዳ ገድፈው ኖሯል። ጎበዜ ስማቸውን ለማንም ሳይነግሩ ሞቱ፤ እኔ ግን ደብተሩን ስላየሁ አውቃለሁ፤ ዛሬም ለቀብሩ መጥተዋል። ጾመኛው ክኒኑን በውሃ ስለዋጠ ዳነ፤ የወተቱን ትእዛዝ ያከበረው አልዳነም። ልዩነቱ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከወንድሜ አፍ የወጣ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ትእዛዙን ቀስ ብሎ ይለውጥና ዝም ይል ነበር። ጎበዜ ግን በገበያ ቀን ከጨው ሻጮች ሣጥን ላይ ወጥተው፣ ሕዝቡን በሚያስቀው ኦሮምኛቸው፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወተት ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ በውሃ ዋጡት አሉ። ሰው ኦሮምኛውን ሰምቶ ሳቀ። ከሕዝቡ መካከል መጀመሪያ ለክኒኑ እጃቸውን የዘረጉት ወይዘሮ ሙሚና ነበሩ። ረዲያ በአራተኛው ቀን ተነስታ ምግብ ጠየቀች። ጎበዜ ለበደሳና ለመሰላ ክሊኒኮች በዚያው ሳምንት ጻፉ፤ ለሐረርም አሳወቁ። ከወር በኋላ በመጣው መልስ መሠረት፣ ከክኒኑ ጋር የመጣው ወረቀት ወተት የክኒኑን ኃይል ይሰብራል ይል ኖሯል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ አንድም ሰው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ ነበር። ወንድሜ በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው ይናደዱ ነበር፤ እኔም እናደዳለሁ።

ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የልብ ሕመም ያዛቸው። ወይዘሮ ሙሚና ከገለምሶ በጭነት መኪና ወተት ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ጎበዜ ስቀው ክኒን የዋጥኩት አሁን ነው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጠጣዋለሁ አሉ፤ ሰዓቱንም ጠብቀው ጠጡት። ያን ዕለት ወይዘሮ ባየችን ደብተሩን አስመጥተው የመጨረሻውን መስመር አስጻፏቸው። እንዲህ ይላል፦ «ጎበዜ አምባው፣ 61 ዓመት። ክኒኑን በውሃ ዋጠ። እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሹ አልተመለሰም። መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ያረጀው ሰውየው ነው።»

ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ማለዳ አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ባየችን፣ ልጆቻቸውን ውቢትንና በለጠን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አስከሬናቸውን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከተሸከሙት መካከል አቶ አብዱላሂና ቡሽራ ይገኛሉ።

ያዳኑትን ሰው ተከትለው ደጁ ድረስ እየሄዱ እንዴት ሆንክ ሲሉ የኖሩትን ወንድማችንን፣ እግዚአብሔር በደጉ አባት በአብርሃም ቤት ተቀብሎ እሱ ራሱ እንዴት ሆንክ ይበልልን።